ያላለቀው ሶፍት

የሺወርቅ የሽንት ቤቱ ሶፍት እንደማያልቅ ልብ ያለችው ዘግይታ፣ ባሏ ሃምሳ ዓመት በሞላው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ክፉ ክፉው ብቻ ይታያት ጀመር።

ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ባለበት ቤት ሁሉ፣ ሽንት ቤቱ ራሱ ሰገራውን ይመረምራል። የአንጀት ካንሰር ከጠረጠረ፣ የጤና ባለሙያዋ ከመንገድ እንድታየው ደጃፉ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። ከባለሙያዋ በፊት ግን የሚያየው ጎረቤት ነው።

ማታ ባሏ ላቀው እንደ ሰሞኑ ልማዱ ጃኬቱን ሲያነሳ መንገዱን ዘጋችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ነው የምትጸዳዳው?»

«መሥሪያ ቤት።»

«እሑድስ?»

«ሆቴል። ማኪያቶ አዝዤ እገባለሁ።»

«ማኪያቶ ሆድህን ይነፋህ የለም እንዴ!»

ሊስቅ ብሎ ተወው።

«አባትህን የገደለው ይኸው በሽታ መሆኑን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። ግን ጎረቤታችንን ፋናዬን አየሻት አይደል? መብራቷ በበራ ማግስት የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ መጡባት። እሷ እኮ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር!»

«ታክማ ድና ትናንት ገበያ አገኘኋት።»

«እኔንም በቁሜ ያልቅሱልኝ?»

«ያልቅሱ! ደጅ ቆሜ እመልሳቸዋለሁ። እኔ የፈራሁት፣ ራሴ የማዘቀዝቀውን ነጠላ ነው።»



«ከበራስ?» አለ ላቀው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«በማግስቱ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን። ፋናዬ ካርድ የሚወጣበትን ታሳየናለች።»

ጃኬቱን መልሶ ሰቀለ። ከዚያ የውጭውን በር ቁልፍ ሁለት ጊዜ አዙሮ፣ ራሱ ቆለፈው።