ስምንት ሰው፣ ሰባት ሻንጣ

ሶኮሮ የወደፊት አማቾቿን ለመናቅ ሳምንት አልፈጀባትም። ከሴቡ ወደብ እስከ ቦሆል ደሴት ያለው የሁለት ሰዓት የመርከብ መንገድ በቃት።

ሐሳቡ የወጣቶቹ ነበር። ልጇ ሮሼልና እጮኛዋ ጁንረል፣ «ከሠርጉ በፊት ሁለቱ ቤተሰቦች ይተዋወቁ፤ ሁላችንም ሻንጣችንን አዝለን ደሴቶቹን እንዙር» አሉ። ሁለት ጓደኞቻቸውም አብረው ተነሱ። ሶኮሮ እሺ ያለችው ለመተዋወቅ ብላ አልነበረም። በመጪው እሁድ የጁንረል ወላጆች እንደ ደንቡ ምግብ ይዘው ልጇን ለልጃቸው ሊጠይቁ ይመጣሉ። እምቢም እሺም ከማለቷ በፊት ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ በዓይኗ ማየት ፈለገች።

አየቻቸው። አባትዬው ኢሲድሮ ፀሐይ ያነጣው ቁምጣ ለብሶ እያፏጨ ይሄዳል። እናትዬዋ ፔርላ ስትነካም ሳትነካም ፈገግ ትላለች። እነዚህን እንኳ ይሁን ብላ ታልፋቸው ነበር። አላልፍ ያላት ማኖይ ቶንዮ ነው፤ ማኖይ ማለት ጋሼ እንደማለት ነው።

ማኖይ ቶንዮ ስድሳ የሞላው፣ ሆዱ ከሸሚዙ ቀድሞ የሚደርስ ሰውዬ ነው። ሰው ሁሉ ሻንጣ ሲያዝል እሱ አንዲት ፌስታል አንጠልጥሎ ወጣ። ስምንት ሰው፣ ሰባት ሻንጣ።

«ሽማግሌያቸውን በፌስታል መንገድ የሚያስወጡ ሰዎች!» አለች ሶኮሮ በልጇ ጆሮ።

የወደቡንም ነገር አልረሳችውም። ቀድማ ደርሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በኮኮናት ቅጠል ተቋጥሮ የተቀቀለውን ሩዟን ስትፈታ፣ ጎኗ ለተቀመጠው ሰውዬ ለወጉ ያህል «ማኖይ፣ እንብላ» አለችው። ጨዋ ሰው «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። ይሄኛው ተጠጋና ሁለት ቋጠሮ ሩዝና ግማሽ ጥብስ ዶሮ በላ። የጁንረል ወላጆች ሲደርሱ ጣቱን እየላሰ ነበር። ብድግ ብሎ የፔርላን ሻንጣ ከጀርባዋ ተቀበለና «ቶንዮ በሉኝ፣ ኑ ኑ፣ ቦታ ሳይያዝ!» እያለ ወደ መርከቡ አመራ። ፔርላም አመስግና ተከተለችው። ጁንረል ራስ ቆጥሮ ትኬት ሊያስቆርጥ ሮጠ። ሶኮሮ ሰውዬው የማን ወገን እንደሆነ ያኔ ገባት።

ከዚያ ወዲህ ያላደረገው የለም። ቦሆል ላይ የአሳማውን ጥብስ ቆዳ፣ ያን የሚንኮሻኮሸውን፣ ማንም ሳይቀምሰው ጨረሰው። በጋራ ክፍሉ ውስጥ መስኮት ሥር ያለውን አልጋ ያዘና እንደ እህል ወፍጮ አንኮራፋ። ካራኦኬ ቤት አምስት ዘፈን ለብቻው ዘፈነ። የኢሲድሮ ተራ ሲደርስ «አንተ ተው፣ ድምፅህ ለዶሮ ማባረሪያ ነው» አለው። ኢሲድሮ ሳቀ። ፔርላ ግን ዞር ብላ ሶኮሮን አየቻት።

«ማኖይ ቶንዮ ምግብ ይወዳሉ» አለች ፔርላ በነጋታው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አይቻለሁ» አለች ሶኮሮ። ሴትዮዋ ቢያንስ ማፈር ታውቃለች ብላ አሰበች።

ጁንረልም ሰውዬው አፉን በከፈተ ቁጥር ዓይኑን ይሰብራል። ሮሼል ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር፤ እናቷ ከለከለቻት።

«የሰው ዘመድ አይነቀፍም! እንዳትተነፍሺ። የሚነገረውን ቀኑ ሲደርስ እኔ እናገራለሁ።»

«እማ፣ እኔ የማገባው እኮ ጁንረልን ነው።»

«ሞኝ! ይሄ ሰውዬ ነገ ሳሎንሽ ውስጥ ነው የሚጋደመው። የልጆችሽን ወተት ነው የሚጠጣው። እስኪሞት ድረስ! እንዲህ ያለው ደግሞ ቶሎ አይሞትም።»

የመጨረሻውን ምሳ ሲኪሆር ደሴት ላይ፣ ባሕሩ ዳር በሉ። ሩዙና ዓሣው በሙዝ ቅጠል ላይ ተዘርግቶ ሁሉም በእጁ ይጎርሳል። ሶኮሮ የዓሣ ራስ ነፍሷ ነው፤ ለመጨረሻ ብላ ከፊቷ አስቀምጣው ነበር። ማኖይ ቶንዮ እጁን ሰዶ አነሳው፣ መጠጠው፣ አጥንቱን መልሶ ፊቷ አስቀመጠላት። ከዚያ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ ፌስታሉን ይዞ ወደ መርከብ ማቆሚያው ሄደ።

ሶኮሮ እጇን ታጠበች።

«እሁድ እንዳትመጡ» አለች።

«እማ!» አለች ሮሼል።

«ዝም በይ። ልጄን ብቻዬን ነው ያሳደግኳት፤ የሆዳም ጧሪ እንድትሆን አይደለም። ሳምንት ሙሉ አየኋችሁ። አንድ ቀን እንኳ ተው የሚለው ጠፋ። እንዲህ ያለ ሰው አስከትሎ የሚዞር ቤተሰብ ራሱ ከእሱ አይሻልም። እናንተ ለምዳችሁት ይሆናል፤ እኔን ግን ትዘገንኑኛላችሁ።»

ጓደኞቻቸው መጉረስ አቆሙ። ጁንረል ሮሼልን አያት፤ አንድ ቃል እስክትናገር ጠበቀ። ሮሼል አንገቷን ደፋች። ጁንረል ሻንጣውን አዘለና ወደ ኋላው ሳይዞር በአሸዋው ላይ ሄደ።

ከፔርላ ፊት ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። የባሏን ክንድ ይዛ ተነሳች።

«እትዬ ሶኮሮ» አለች፣ «እኛ እኮ ዛሬ ጠዋት፣ ለልጅቷ ስንል ወንድምዎን ማኖይ ቶንዮንም እንችላቸዋለን፣ ከቤታችን አንድ ክፍል እንሰጣቸዋለን ተባብለን ነበር።»