የጣሪያው መሃል

«ጫፉ ላይ ግጠመው ብያለሁ፣ ጫፉ ላይ!» አሉ ፕሮኮፒስ። «መሃሉ የፍሮሶ ነው።»

ሃምቢስ የወገብ ቀበቶውን እያጠበቀ ወደ ጫፉ ተመለከተ። ከጫፉ ወዲያ አየር ነው፤ ከአየሩ በታች ደግሞ የጎረቤት ሲሚንቶ። የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ሲገጥም ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፣ ጣሪያ ላይ ቀልድ አያውቅም። ረዳቱ ዛሬ ስለቀረበት መሣሪያ የሚያቀብሉት የቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ፕሮኮፒስ ናቸው። በገመድ ጎትተው ያወጧቸው ሁለት ባለመስታወት ፓኔሎች በግቢው በለስ ዛፍ በኩል ተጋድመዋል፤ ውኃ ሳይገባባቸው ግለው እጅ እንዳይልጡ ብርድ ልብስ ለብሰዋል።

«አጎቴ፣ ጫፍ ላይ ልግጠም ብል ዛሬ እኔ እወድቃለሁ፤ ክረምት ሲነፍስ ደግሞ ማሞቂያው ይወድቃል። ያውም ሰው አናት ላይ። ሁለት ሜትር ገባ ማለት አለበት።»

«ሁለት ሜትር ከገባህ መኝታ ቤቷ ውስጥ ነህ።»

ሃምቢስ ዞር ዞር ብሎ አየ። መኝታ ቤት የሚባል ነገር የለም። ባዶ ሶሌታ ነው፤ ዳር ዳሩን የዛጉ ፌሮዎች ቆመዋል፣ በየአናታቸው ዝናብ እንዳያገኛቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍቶባቸዋል። ላርናካ አካባቢ ሴት ልጅ ያለው ሰው ቤቱን የሚጨርሰው እንዲህ ነው፤ ልጅቷ ስታገባ በላዩ ላይ ፎቅ ይሠራላታል።

ፕሮኮፒስ ግን ቤቱን ያዩታል። ፌራዮ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የሰው ቤት ብረት ሲያስሩ ኖረው፣ የራሳቸውን ፌሮ ያቆሙት ልጃቸው ፍሮሶ ገና ስትድህ ነው። ወጥ ቤቱ በባሕሩ በኩል፣ መኝታ ቤቱ በበለሷ በኩል። በሩ ከደረጃው ፊት ለፊት፣ በሁለቱ ረጃጅም ፌሮዎች መካከል። ጠዋት መሣሪያ ሲያመላልሱ አንድ ጊዜም በግድግዳው አላለፉም፤ በበሩ ዞረው ነበር የሚገቡት። ሃምቢስ «ምን ያዞርዎታል?» ቢላቸውም በዚያው በበሩ ገቡ።

ስልካቸው ጮኸ። ፍሮሶ ናት። ማሞቂያውን የገዛችላቸው እሷ ናት፣ ከምትኖርበት ከኒኮሲያ። ኒኮሲያ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ድስት ተጥዶ ሳይበስል ይደረስበታል። ሆኖም ለፋሲካም ልጆቿን ጉንፋን ይዟቸዋል ብላ ቀርታለች።

«አባዬ፣ ተገጠመ?»

«ሰውዬሽ ግትር ነው። መሃል ላይ ካልተከልኩ ብሏል።»

«ታዲያ ይትከላ!»

«ቦታው እኮ…»

«አባዬ ደግሞ! መሃሉን ምን ልታደርገው ነው? ማን ሊኖርበት ነው?» ብላ ሳቀች። «ሙቅ ውኃ በቧንቧ ልታገኝ ነው እኮ፣ ለጉልበትህም ጥሩ ነው። በል፣ ስብሰባ ልገባ ነው፣ ቻው።»

ክፋት የሌለው ሳቅ ነበር። ክፋት ቢኖርበት ይሻላቸው ነበር፤ ለክፋት መልስ አያጡም።

ሃምቢስ ምንም እንዳልሰማ ሰው ጎንበስ ብሎ ገመድ ይፈታል።

«ስማ» አሉት፣ ድምፃቸው ሻክሮ። «ገመድህን እዚያ ፌሮ ላይ እሰርና ጫፉ ላይ ሥራ። በሬ ቢጎትተው አይነቃነቅም። እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

«ሳልሞክረው ነፍሴን አላንጠለጥልበትም።»

«የኔን ሥራ? አንተ ልጅ፣ እናትህ የምትተኛበትን ቤት ብረት ያሰርኩት እኔ ነኝ! በእመቤታችን፣ ሞክረው! ሞክረውና እፈር!»

ሃምቢስ ገመዱን በፌሮው ጠመጠመ፣ እግሩን ተከለ፣ ወደ ኋላ ሳበ። ፌሮው ከሶሌታው ጋር ከተገናኘበት ላይ እንደ ደረቀ ዳቦ ተቆረሰ። ሃምቢስ በቂጡ ዘጭ አለ። ጠርሙሱ ተንከባሎ ከጫፉ ወደቀና ታች ሲያርፍ ተሰማ።

«በየዓመቱ ቀለም እቀባው ነበር» አሉ ፕሮኮፒስ። «ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ።»

«የባሕር አየር ነው፣ አጎቴ። የማንንም ብረት ይበላል።»

«የጥጉን ሞክር።»

«ይተዉት በቃ።»

«ሞክር አልኩህ!»

የጥጉም ተቆረሰ። ፕሮኮፒስ ጎንበስ ብለው ስብራቱን በአውራ ጣታቸው አሹት። ቀይ ዱቄት ሆኖ እጃቸው ላይ ቀረ። ልጅቷ ነገ ሻንጣዋን ይዛ ብትመጣ እንኳ አንድ ግድግዳ የሚሸከም ብረት የላቸውም። እስካሁን ባለመምጣቷ ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ እሷን እየወቀሱ ብዙ ብቸኛ ምሽት አሳልፈዋል። አሁን እሱም ቀረባቸው።

ሃምቢስ የሶሌታውን መሃል በድሪል በስቶ ወፍራም ብሎን አሰረበት፣ በሙሉ ክብደቱ ጎትቶ ሞከረው፣ ገመዱንም ከእሱ ጋር አያያዘ። ከዚያ ብረት መቁረጫ ግራይንደሩን አነሳና ወደ ቀሩት ፌሮዎች አየ።

«እነዚህን ልቁረጣቸው? ሰው ቢደናቀፍ ይሰኩበታል።»

«ቁረጥ።»

«ደረጃው ፊት ያሉትን ሁለቱንስ?»

ፕሮኮፒስ ወደ ባሕሩ ዞሩ። «ሁሉንም።»

ግራይንደሩ ብዙ አልጮኸም። የሚቆረጥ ብረት እምብዛም አልነበረም።

«በሉ አጎቴ፣ በዚያ በኩል ያዙልኝ። ብርድ ልብሱ እንዳይገለጥ፣ ቀስ እያልን።»

ፓኔሉን ከሁለት ወገን አነሱት። ከብርድ ልብሱ ሥር ብረቱ ሞቅ ብሏል። ሃምቢስ ጠዋት ያየውን አልረሳም፤ ወደ ደረጃው ፊት፣ ሁለቱ ረጃጅም ፌሮዎች ወደነበሩበት ሊዞርላቸው ጀመረ።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉት ፕሮኮፒስ። «በዚህ ይቀርባል።»

በመኝታ ቤቱ ግድግዳ አልፈው ገቡ።