የአለበል ፋውል

«ዜሮ!» አለ መምህር ላቀው ወረቀቱን በጣቱ እየመታ። «በስድስት ጨዋታ የነጠቀው ኳስ ዜሮ፣ ያገደው ሹት ዜሮ። ይህን ልጅ ነው ተከላካይ ብለን ፍኖተ ሰላም ይዘን የምንሄድ?»

ለዞኑ የቅርጫት ኳስ ውድድር ከቡሬ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ተመርጠዋል። የቀረችው አንዲት ቦታ ናት። ምክትል አሰልጣኟ ህይወት ከሲሚንቶው ደረጃ ላይ ሆና ሳቅ አለች።

«ጋሽ ላቀው፣ አለበል የያዘው ሰው ኳሱን መች አገኘና ይነጥቀዋል? ይልቅ እሱ የያዛቸው ስንት አገቡ? እስቲ እሱን ይቁጠሩት።»

«ያልሆነ ነገር በምን ይቆጠራል?»

ተጫዋቾቹ ውኃ መጠጣታቸውን ትተው ጆሯቸውን ጣሉ። ላቀው በወጣትነቱ ለዞኑ ተጫውቷል፤ ይህንንም ሳያነሳ የዋለበት ልምምድ የለም። ጃኬቱን አወለቀ።

«ና አለበል፣ እኔን ያዘኝ። አምስት ኳስ። አንዷን ከነጠቅኸኝ ትሄዳለህ። ፋውል ከሠራህ ግን ቀረህ።»

ህይወት ኳሱን ልታቀብለው ተዘጋጀች። ላቀው ወደ ቀኝ ሮጠ፤ አለበል ቀድሞት ቆሟል። ወደ ግራ ዞረ፤ እዚያም አለ። ልጁ እጁን አይሰድም፣ በእግሩ ብቻ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኳሶች ላቀው ጋ ሳይደርሱ ወደ ውጭ ወጡ። ሦስተኛውን አግኝቶ ወረወረው፤ ቀለበቱንም አልነካ። በአራተኛው ትንፋሹ አለቀ። ከኋላ አንዱ ኪኪ ብሎ ሳቀ።

አምስተኛውን ይዞ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲዞር የገዛ እግሮቹ ተጠላለፉና ዘጭ አለ።

«ፋውል!» ብሎ ጮኸ። «ገፋኝ!»

በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ነበረ፤ ላቀው ያውቃል፣ ያየ ሁሉ ያውቃል። ፊቱ ነደደ። አዳልጦኝ ነው ቢል ያልቅ ነበር፤ አፉ ግን እንቢ አለው።

አለበል ለአፍታ አየው። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ልክ ነው መምህር፣ ገፍቸዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ግራ እጁን ደግሞ ሊያነሳው ዘረጋለት።

ላቀው እጁን ይዞ ተነሳ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። መሳቃቸውን ቢቀጥሉ ይሻለው ነበር፤ የሚስቅ ግን ጠፋ። አቧራውን ከሱሪው አራገፈ፣ አቧራው ካለቀ በኋላም አራገፈ።

ህይወት ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስክሪብቶ አወጣች።

«ልጻፈው ጋሽ ላቀው?»

ፋውል የሠራ ተጫዋች መዝጋቢው ጽፎ እስኪጨርስ እጁን እንዳያወርድ ያስተማራቸው ራሱ ላቀው ነው። አለበል ፊቱን ወደ ህይወት አዙሮ፣ እጁን እንዳነሳ ቆሞ ይጠብቃል።