ከብርኖ እስከ ትሪየስቴ

ቦሁሚል የመንገድ ካርታውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከሚኖሩባት የቼክ ከተማ ከብርኖ እስከ ጣሊያኗ ትሪየስቴ በእርሳስ አሰመረ። ልጁ ራድካ ትሪየስቴ፣ ባሕሩ ጠረፍ ላይ፣ ሥራ አግኝታ ልትኖር ነው፤ ዕቃዋን ጭኖ የሚያደርሳት እሱ ነበር። "ማለዳ ከተነሳን ሦስቱን ድንበር ተሻግረን ለእራት እንደርሳለን" አላት።

"ግራዝ ምሳ እንብላ፤ ማሪቦር እንደር" አለች ራድካ ጣቷን ካርታው ላይ እየነዳች። "በማግስቱ ብሌድ ሐይቅ እንሄድና በጀልባ ትቀዝፍልኛለህ። ከዚያ የፖስቶይናን ዋሻ እናያለን።"

ቦሁሚል ግራ ገባው። ሳምንቱን ሙሉ ቶሎ እንድረስ እያለች ስትጨቀጭቀው የከረመችው እሷ ነበረች። ሐይቅ ስታይ የምታዛጋውም እሷው ናት።

"ብሌድ እኮ ከመንገዳችን ውጪ ነው። ምን ነካሽ? ሥራውን ጠላሽው እንዴ?"

"ኧረ አልጠላሁትም።"

"ታዲያ ዋሻ ውስጥ ምን ጥለሻል?"

ራድካ አልሳቀችም። ጣቷ ካርታው ላይ እንዳለ ቀረ።

"አባዬ፣ ስትመለስ ብቻህን ነህ" አለችው ቀስ ብላ። "አብረን የምንሄደው መንገድ በአንድ ቀን እንዲያልቅ አልፈልግም።"

ቦሁሚል ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

"እሺ፣ ከዋሻው ቀጥሎስ የት እንቁም?" አላት።