ያልተከፈቱት ተፋላሚዎች

ባሏ ከሞተ በኋላም የሳሎኑ መጋረጃ አልተገለጠም። መደርደሪያውን የሞሉት የሬስሊንግ ተፋላሚ አሻንጉሊቶች ዛሬም እንደታሸጉ ናቸው። ፀሐይ ካርቶናቸውን ያደበዝዘዋል፣ ከእሽጉ የወጣ ደግሞ ዋጋ የለውም፣ ይል ነበር ሟች። ልጃቸው አንዱን ልያዝ እያለች አልቅሳ አድጋለች። እሱ ብቻ እሁድ እሁድ በሩን ዘግቶ አቧራቸውን ይጠርግ ነበር።

«ኧረ እህት ዓለም፣ ሰውየውስ ተቀበረ፤ አንቺን ማን ቀበረሽ?» አለች ልትጠይቃት የመጣችው እህቷ ስንዱ።

«አደራ ነው። እንደታሸጉ አቆያቸዋለሁ ብዬዋለሁ።»

«አደራ ጨለማ ውስጥ ተቀመጪ ይላል እንዴ?»

ስንዱ መልስ ሳትጠብቅ ወደ መስኮቱ ስትንጠራራ ክርኗ አንዱን እሽግ ጣለው።

«እንዳይቀደድ!» እያለች መበለቷ ተንደረደረች።

ካርቶኑ አልተቀደደም። ተፋላሚው ግን ከሥር ሾልኮ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። የእሽጉ ታች ድሮ በምላጭ ተሰንጥቆ፣ በስስ ስኮች ተለጥፎ ኖሯል። ሁለተኛውን አነሳች፤ ሦስተኛውንም። ሁሉም እንደዚያው ነበሩ።

መሬት ተቀምጣ የወደቀውን በእጇ አገላበጠችው። የጡጫዎቹ ቀለም በጨዋታ ብዛት ተፍቆ አልቋል።