መሮ መሳያው

ልጄን ለትዳር የጠየቃት ሰው አናጢ ነው። ለሽማግሌዎቹ መልስ ከመስጠቴ በፊት በዓይኔ ልየው ብዬ፣ በርጩማ የምገዛ መስዬ የሚሠራበት ድረስ ሄድኩ። አላወቀኝም።

መሮ እየሳለ ነበር። መሳያ ድንጋዩ ላይ እንትፍ አለበት። ምራቁ ከብረቱ እድፍ ጋር ተለውሶ ግራጫ ጭቃ ሲሆን በጣቱ ጠርጎ ሱሪው ላይ አበሰው።

«ውሃ የለህም እንዴ?» አልኩት።

«ምራቅ ቅርብ ነው፣ እማማ!» ብሎ ሳቀ።

መሮውን ያሰረው ከቁራጭ እንጨት በሠራት፣ ከሥሯ ትንሽ ጎማ ባላት መያዣ ላይ ነው። ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋት ስለቱ እንደተጋደመ ይሄዳል፣ አይዛነፍም።

«እኔስ በባዶ እጄ ነው የምስለው። ይቺን የሠራኋት ለአንዲት ጀማሪ ነው፤ እየሞከርኩላት ነው» አለኝ።

ከዚያ ስለቱን ሊፈትን የራሱን ክንድ ላጨበት። ፀጉሩ ከነምራቁ መሮው ላይ ተለጠፈ። እሱንም ሱሪው ላይ! ስለ በርጩማው ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ማታ እራት ቀርቦ ልጄ እጄን ልታስታጥበኝ መጣች።

«በዚያ እጁ ሊያጎርስሽ ነው? ሞቼ ነው ቆሜ! ነገ ለሽማግሌዎቹ እንቢ እላቸዋለሁ» አልኳት።

እጅጌዋን ሰብስባ ውሃውን ታፈስልኝ ጀመር። የግራ ክንዷ ፀጉር፣ ከአንጓዋ ከፍ ብሎ፣ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል።