ከግድግዳው ወዲያ

«ክፍት ነው፤ ከመጣችሁ ግቡ እንግዲህ!» ይላል ሰውዬው ከውስጥ።

ለጎረቤት የማነበውን ወረቀት ደረቴ ላይ ለጥፌ እገባለሁ፤ ልጄ ከኋላዬ። ደጅ ላይ የሹራቧን ቁልፍ እየቆለፍኩላት «ጤና ይስጥልኝ ትያለሽ፣ ከዚያ ዝም! ሌላውን ለእኔ ተይው። እሺ ዓለሜ?» ብያታለሁ። እሺ ብላኛለች። ሠላሳ ዓመቷን ለደፈነች ልጅ እንደዚህ አይባልም፤ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ቀልድ የለም።

ሰውዬው ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ነው። ሰፈሩ «ፍሬን» ይለዋል፤ ምንም ነገር ሲንደረደር መጥቶ እሱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል አሉ። እንግዲህ ልጄና አራት ጓደኞቿ፣ ወረቀቱ «የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው» የሚላቸው፣ እኛ ወላጆች ግን ልጆቻችን የምንላቸው፣ ከአንዲት ተንከባካቢ ጋር ሊኖሩበት ያሰብነው ቤት ከእሱ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። የእንዲህ ያለ ቤት ደንብ «ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ለጎረቤት ይነገር» ይላል። አከራዩ ደግሞ ከደንቡ ብሶ «ሌላው እንዳሻው ያጉረምርም፤ ፍሬን እንቢ ካለ ግን ቤቱን ለሌላ አከራያለሁ» ብሎናል።

የቀረውን ሰፈር አዳርሼ ነው የመጣሁት። አንዷ «አይዟችሁ» ብላኝ በሩን ዘጋችብኝ። አንዱ ደግሞ፣ ሰው መሳይ፣ «ይማታሉ እንዴ?» አለኝ። ዋጥ አደረግኩት። ምን ላድርግ? እያረጀሁ ነው፤ ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። እኔ ክንዴን የተንተራስኩ ዕለት ይህቺ ልጅ የማን ደጅ ላይ ትወድቃለች? የሚያባንነኝ ይኸው ነው።

ሰውዬው ሬዲዮውን ሳይቀንስ በአገጩ «ቀጥይ» ይለኛል። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነባለሁ።

«...ነዋሪዎቹ ጸጥ ያሉ ናቸው። ማንንም አይረብሹም። መኖራቸው እንኳ አይታወቅም...»

«እማዬ፣ ውሸት ነው!»

ክው እላለሁ።

«ዝም እላለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ውሸት ነው» ትላለች ልጄ። ከዚያ እኔን ትታ ወደ ሰውዬው ወንበር ትሄድና ዓይን ዓይኑን እያየች ትነግረዋለች። «እኔ አንኮራፋለሁ። በጣም። ጠዋት ስነሳ እዘፍናለሁ። መብራት ሲጠፋ አለቅሳለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ ሳህን ሰብሬያለሁ፤ ይቅርታ ብያለሁ።» የቀረ ነገር እንዳለ ጣሪያውን እያየች ታስባለች። «አለቀ። አንተስ አባባ?»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! «እርስዎ በይ እንጂ! ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሷ እኮ...»

ሰውዬው መዳፉን ያነሳብኛል። እኔም እንደ አውቶብሱ ቀጥ እላለሁ።

ልጄ ቆማ ትጠብቃለች። እሷ አንዴ ከጠየቀች መልሷን ሳታገኝ ንቅንቅ የለም። ስንቱ ሐኪም፣ ስንቱ ዘመድ በዚህ ዓይኗ ፊት ተቁነጥንጦ ወሬ ቀይሯል መሰላችሁ። ሰውዬው አይቀይርም። ጉልበቱን እያሻሸ ይቆያል።

«እኔ... ሬዲዮ ካልጮኸ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላል በመጨረሻ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ነው። ቤቱ ጭር ሲል ያስፈራኛል። ሰው ሲመጣብኝ እቆጣለሁ። ሳይመጣ ሲቀርም እቆጣለሁ።»

«ታለቅሳለህ?»

«አልፎ አልፎ።»

«አለቀ?»

«አለቀ» ይላልና ይስቃል። ፍሬን ይስቃል!

እጄን አፌ ላይ ጭኜ ልጄን አያታለሁ። በእጄ አጉርሼ ያሳደግኳት፣ ጫማዋን እስከ ዛሬ የማስርላት ልጅ! ስንት ደጅ ስጠና፣ ስንት ቃል ስመርጥ ከርሜ ያላገኘሁትን እሷ ከየት አመጣችው? ገና አሁን እንዳስተዋወቁኝ ሰው ነው የማያት።

«መብራት ሲጠፋ ምን ይሻልሻል?» ይላታል።

«እማዬ ጎኔ ትመጣለች።»

እኔን ያየኛል። ሽበቴን ያየዋል። ተነስቶ በጣቱ መገጣጠሚያ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጋል። «ስስ ነው፤ ወዲያ ማዶ መኝታ ቤት ነው። ሲጨልምብሽ ምቺው። እኔም እመታለሁ።»

«ሬዲዮው ይጮሃላ! አትሰማም።»

ሰውዬው ሬዲዮውን ያየዋል። ከዚያ ያጠፋዋል። «የአከራዩ ቀለም ቀቢዎች እዚያው ናቸው፤ በሩ ክፍት ነው። ሂጂ ሞክሪው።»

ቃሉን ሳይጨርስ ወጥታለች። «ቆይ፣ ብቻሽን...» ብዬ ልከተላት ስል «ተዪያት እህቴ» ይለኛል ቀስ ብሎ።

ግድግዳው አጠገብ እንቆማለን። ቤቱ ጭር ይላል። ደረጃው፣ መሰላሉ፣ የቀለም ባልዲው በዓይኔ ይመጡብኛል። ከወለድኳት ጀምሮ በእኔና በእሷ መሃል ግድግዳ ገብቶ አያውቅም። ጆሮዬን እለጥፋለሁ፤ ምንም የለም። ሰውዬውም ጆሮውን ለጥፎ ትንፋሹን ውጧል።

ኳ ኳ ኳ።

እንባዬ ይመጣል። ከወዲያ ማዶ ሳቋ ይሰማል፤ የራሷ ሳቅ፣ እኔ የሌለሁበት። እንደገና ትመታለች። እጄ ሳላዘው ይነሳል፤ «እዚህ ነኝ» ልላት። ግድግዳውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው እይዘዋለሁ። ወደ ሰውዬው ዞሬ ቦታ እለቅለታለሁ።

ይመታል። ትመልስለታለች።